በአንድ ዳስ ስንት ሙሽራ?

የጥር ወር በተቃረበ ቁጥር በመኝታ ክፍሎቻችን የሚሰማው ወሬ ከሁለት ነገር አያልፍም፤ አንዱ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ነው፤ ሌላው ሠርግ ነው። ለመመረቅ የደረሱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን «ሠርጌን በከተማ አዳራሽ ላድርገው ወይስ ባባቴ ግቢ ዳስ ላስጥል?» እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ክርክሩ ጥሩ ክርክር ነው። እኔም ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ፤ ሠርግ በገዛ ግቢ፣ በገዛ ዳስ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ። ነገር ግን በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ወንበርማና እስከ ሰከላ ባለው አገር፣ የግቢ ሠርግ ሲታቀድ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል። ከዚያ ዳስ ሥር ስንት ሙሽራ ትወጣለች?

በመጀመሪያ ስለ ግቢው ልናገር። የአዳራሽ ሠርግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ነው። አዳራሹ በኪራይ፣ ወንበሩ በኪራይ፣ ምግቡ በሰው ቍጥር ተሰልቶ፣ ሰዓቱም የተወሰነ ነው፤ ሽማግሌዎች ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ ለሚቀጥለው ሠርገኛ ቦታው ይፈለጋል። በገጠር ግቢ ግን ባሕር ዛፉ ከጓሮ ይቆረጣል፤ የሰፈሩ ጎረምሶች ጉድጓድ ቆፍረው ባንድ ቀን ያቆሙታል፤ ጣሪያው ቅጠል ወይም ሸራ ይለብሳል፤ መሬቱ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል፤ ባላ ተተክሎ ረዥም ግንድ ከተጋደመበት መቀመጫ ሆነ ማለት ነው። ጋኑ በውሰት ይመጣል። በርበሬ ለመግዛት ገበያ የሚወጣ ሰው የለም፤ ቡሬና ወንበርማ የበርበሬ አገር ነውና። ዳጉሳው፣ በቆሎው፣ ጤፉ ከጎተራ ይወጣል። በወንፈል የሚያጭድ ገበሬ በወንፈልም ይደግሳል፤ ዛሬ የኔን ዳስ ያቆመ ጎረቤት ነገ የርሱን እኔ አቆምለታለሁ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «የግቢ ሠርግ ገንዘብ አያስወጣም» የምንለው የእናቶቻችንን ወገብ ሳንቆጥር ነው። ጌሾ ወቅጦ መጠንሰስ፣ ብቅል ማብቀልና ማስፈጨት፣ ጋኑን በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠን፣ አንኩሮውን ማንኮር፣ ድፍድፉን መደፍደፍ፣ ከዚያም ሌሊቱን ሁሉ ከምጣድ ሥር ተቀምጦ እንጀራ መጋገር የማን ሥራ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወንዶች ዳሱን ባንድ ቀን አቁመው ጠላውን ሲጠብቁ ሴቶቹ ሥራ ላይ ወራቸውን ያጋምሳሉ። ይህን የሚመለከት ሌላ ጽሑፍ ቢጻፍ ደስ ይለኛል፤ የኔ የዛሬው ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

የሠርጉ ወቅት አጭር ነው። ከጥምቀት ማግሥት፣ ከጥር 12 ቀን ከቃና ዘገሊላ ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ነው። ዐቢይ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1 ቀን፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል። እንግዲህ በፈጠነበት ዓመት ሠርገኛው ያለው ጊዜ 19 ቀን ብቻ ነው፤ በዘገየበት ዓመት 53 ቀን ይደርሳል። ከዚህም ላይ ረቡዕና ዓርብ፣ ሦስቱም የነነዌ ጾም ቀኖች ይቀነሳሉ። እህሉ ተወቅቶ የገባበት፣ በርበሬው የሚሸጥበት፣ ዝናብ የማይፈራበት ወቅት ይኸው ነው። እኛም ለመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ወደ አገራችን የምንገባበት ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ ዳስ ሲጣል እኛ ቤት ነን። «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ለማለት የሚበቃ ምክንያት የለንም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በአገራችን አንድ የቆየ ልማድ አለ። አባት ለታላቅ ልጁ ሲደግስ፣ «ድግሱ አይቀርም፤ ዳሱም ተጥሏል፤ ታናሿንም አብረን እንዳራት» ይላል። ታላቁ ልጅ የ24 ዓመት ምሩቅ ይሆናል፤ ታናሿ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ትሆናለች። መጥሪያው የሚነገረው በታላቁ ስም ነው። እንግዳው የሚመጣው የምሩቁን ሠርግ ብሎ ነው። ማታ ላይ ግን ሁለተኛ አጃቢ እየጨፈረ ከግቢው ይገባና ልጅቱን በበቅሎ አስቀምጦ ይዟት ይሄዳል። ሕጉ እየጠበቀ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የታላቁ ሠርግ ለታናሿ ሠርግ መሸፈኛ መሆኑ ተጨምሮበታል። የቀበሌ ሰው መጥቶ ቢጠይቅ የሚታየው ሙሽራ ዕድሜው የደረሰ ነው። አንዳንዱማ ሠርጉን ተዝካር ነው ብሎ እስከ መደገስ ደርሷል።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፣ «ሠርጌ በግቢያችን ይሁን» ባልህ ጊዜ፣ አንቺም እንዲሁ ባልሽ ጊዜ፣ የምትጠይቁት ዳስ የታናሽ እኅታችሁም ዳስ ሊሆን ይችላል።

አባቶቻችን ክፉዎች ስለሆኑ ይህን ያደርጋሉ የሚል ሰው አገሩን አያውቅም። የአባት ሐሳብ የራሱ ሥርዓት አለው፤ እኛም ሳንሰማው መልስ ልንሰጥ አይገባንም። መጀመሪያው ምክንያቱ ብድር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ዳስ ተቀምጦ በልቷል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ልጅ ሠርግ ሰጥቷል፤ የሰጠውም በደብተር ተጽፏል። የሰጠው የሚመለሰው እርሱ ሲደግስ ነው። ሳይደግስ ቢሞት የሰጠው ሁሉ በሰው እጅ ቀረ ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ልጅቱ አንደኛ ደረጃውን ስትጨርስ የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ያለው ከተማ ነው። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ወይም ደምበጫ ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልትወስድ በእግሯ እየተመላለሰች ልትማር ነው። አባት በመንገዱ ላይ፣ በኪራይ ቤቱ ውስጥ፣ በከተማው ጎረምሳ የሚደርስባትን ያስባል። «ስሟ ሳይጠፋ» የሚለው ቃል ከዚህ ይመጣል። ሦስተኛው ምክንያት ወላጅ በሕይወት ሳለ የልጁን ወግ ማየት መሻቱ ነው፤ በዚህ የሚስቅ ወላጅ ሆኖ የማያውቅ ነው።

ፍርሃቱን በክርክር ማሸነፍ አይቻልም፤ ሁለትና ሦስት ሆነው የሚከራዩበትን ቤት፣ አብራት የምትሄድ የጎረቤት ልጅ፣ ከተማ ያለች አክስት ፈልጎ ማቅረብ እንጂ። ብድሩና ወጪው ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ ተምረናል እንላለን። እስኪ ለምሳሌ ያህል እንቁጠረው።

አንድ አባት 200 ጎረቤትና ዘመድ ጠራ እንበል። ከየአማቹ ወገን 40 አጃቢ ይመጣል እንበል። ሁለቱን ልጆቹን ባንድ ቀን ቢድር 200 ጎረቤትና ሁለት ጊዜ 40 አጃቢ፣ በጠቅላላው 280 ሰው ያበላል። በተለያየ ዓመት ቢድር በየጊዜው 240፣ በድምሩ 480 ሰው ያበላል። ልዩነቱ 200 ሰው ነው። አባት «ተረፈልኝ» የሚለው ይህን ነው። ነገር ግን እነዚህ 200 ሰዎች እነማን ናቸው? አጃቢዎቹ አይደሉም፤ አጃቢ በሁለቱም ሒሳብ ውስጥ ያው 80 ነው። የተረፉት ጎረቤትና ዘመድ ናቸው። ባዶ እጃቸውን የማይመጡት፣ እንጀራና ጠላ ይዘው፣ ገንዘብ ይዘው፣ ስማቸውን በደብተር የሚያስጽፉት እነርሱው ናቸው። አባት በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ የሚመለስለትን ብድር ባንድ ቀን አንድ ጊዜ ተቀብሎ ይዘጋዋል። ዳሱም ቢሆን እንጨቱ ከተነቀለ በኋላ ይቀመጣል፤ ጋኑ ይመለሳል፤ ግንዱ ይነሣል። የሚጠፋው የሚበላውና የሚጠጣው ብቻ ነው፤ የሚበላውንም በከፊል የሚያመጣው በላተኛው ነው። ስለዚህ ባንድ ዳስ ሁለት ልጅ መዳር ያተርፋል የተባለው ትርፍ እንደሚነገርለት ትልቅ አይደለም። ይህን ሒሳብ ለአባቶቻችን በደብተራቸው ላይ እየጠቆምን ብናሳያቸው ስለ ሴቶች መብት ከምናደርገው ረዥም ንግግር ይበልጥ የሚሰሙን ይመስለኛል። ደብተሩን የሚጽፍላቸውም ብዙ ጊዜ ከኛው አንዱ ነው።

ታዲያ ትርፉ ትንሽ ከሆነ አባት በዚያ ዓመት ለምን ይቸኩላል? እዚህ ላይ ነገሩ ወደኛ ይመለሳል። ግቢው የገበሬ ሆኖ ሳለ ድግሱን የከተማ የምናደርገው እኛ ነን። ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ እያለ ሞንታርቦና ጄኔሬተር ከከተማ ይከራያል፤ ቪዲዮ የሚያነሣ ሰው ከነረዳቱ ከባሕር ዳር ይመጣል፤ ሚኒባስ ተከራይቶ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ይጫናል፤ ቬሎ በኪራይ፣ ሱፍ በግዢ፣ ለስላሳና ቢራ በሣጥን ይገባል። ይህ ሁሉ ከጎተራ አይወጣም፤ ከጎረቤትም በወንፈል አይገኝም፤ ጥሬ ገንዘብ ነው። ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ከገበሬ ቤት የሚወጣው በሬ ሲሸጥ ነው። በሬውን የሸጠ አባት ለሚቀጥሉት ዓመታት ሌላ ድግስ እንደማይችል ያውቃል፤ ስለዚህ «አሁኑኑ ሁለቱንም» ይላል። ዳሱን ያከበደው የምሩቁ ወጪ ነው፤ ክብደቱን የምትሸከመው ታናሽ እኅቱ ናት። አዳራሽን ጠልቶ አዳራሹን ተሸክሞ ግቢ የሚገባ ሰው ከኔ ወገን አይቆጠር።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አድርጎ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. ወጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይላል። ሕጉ ጎደለ የሚባል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያት መካከል ግማሾቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተው እንደነበር አሳይቷል፤ የወንዶቹ 23.7 ነው። የክልላችን የሴቶች ዕድሜ ከአገሪቱ ዝቅተኞች መካከል ሆኖ ኖሯል። ልደትና ጋብቻ በመዝገብ መጻፍ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደችን ልጅ ዕድሜ የሚወስነው ያው የሚድራት አባት ነው። ያለ ዕድሜ መውለድ ምን እንደሚያመጣ ማየት የሚሻ ሰው በ1997 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተከፈተውን የሐምሊን የፊስቱላ ሕክምና ማዕከል ያስታውስ፤ የመጀመሪያው ሆስፒታል በአዲስ አበባ የቆመው በ1966 ዓ.ም. ነበር፤ ከ30 ዓመት በኋላ ቅርንጫፍ ያስፈለገው ወደኛ አገር ነው።

ይህ የኛ አገር ነውር ብቻ እንዳይመስለን፣ በህንድ አገር ራጀስታን በሚባለው ክፍል አክሻያ ትሪቲያ በተባለው በዓል ቀን ታላቅና ታናሽ እኅትማማቾች ባንድ ድግስ ሲዳሩ ኖረዋል። ምክንያቱም ያው የኛው ነው፤ ድግስ ውድ ነው፤ አንድ ካህን፣ አንድ ዳስ፣ አንድ እሳት ይበቃል። የእንግሊዝ መንግሥት እዚያ ገና ሳለ እ.ኤ.አ. በ1929 የልጆች ጋብቻ መከልከያ ሕግ ወጥቶ ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላም ልማዱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየ።

ወደ ቅርባችን እንመለስ። ከባሕር ዳር ብዙ ሳይርቅ በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በተባለ ቀበሌ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሥራ ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶቹ በቡድን እየተሰበሰቡ ይማራሉ፤ ትምህርት ቤት ላሉት ደብተርና እርሳስ ይሰጣል፤ ለሁለት ዓመት ሳትዳር ለቆየች ልጅ ከቤተሰቧ ጋር አንዲት ፍየል ትሸለማለች። ውጤቱን የመረመሩት ሰዎች ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ጋብቻ ካልተሞከረበት ቀበሌ እጅግ ማነሱን ጽፈዋል። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን በሞሰቦ ከሌላው ይልቅ በብዛት አገቡ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል፤ እኔ እንዲህ አላየውም። አባት ድግሱን አልተወም፤ ቀኑን ገፋው እንጂ። ለዚህም የበቃችው አንዲት ፍየል ናት። ለምሩቅ ሠርግ ሞንታርቦ ከምናወጣው ገንዘብ ስንት ፍየል እንደሚገዛ የሚያሰላ ይኖር ይሆን?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የደረሰው ጦርነት ነገሩን አባብሶታል። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል፤ መንገድ ተቋርጧል፤ ሰው መሰብሰብ አስፈርቷል። ድግሱ ራሱ አንሷል፤ ሠርግ በጥቂት ሰው፣ በቀን ብርሃን ማለቅን ተምሯል። ያለ ትምህርት ቤት ቤት የተቀመጠች ልጅ ግን ለአባቷ የምትዳር ልጅ ትመስለዋለች። ድግስ ባነሰ ቁጥር «ከታላቁ ጋር አብረን» የሚለው ምክንያትም ማነስ ነበረበት፤ ሆኖም ፍርሃቱ ቦታውን ወስዷል።

መምህሮቻችንም ይህን ጽሑፍ እንደሚያነቡ አውቃለሁ፤ ከእናንተም መካከል በገጠር ትምህርት ቤቶች አስተምራችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ከጥር ዕረፍት በኋላ ስም ሲጠራ መልስ የማይሰጥባቸው የሴት ልጆች ስሞች የት እንደደረሱ ከናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በብዙ ቦታ ልጅቱ ራሷ ለመምህሯ ነግራ ሠርጓ እንደቀረ ይታወቃል። ከዚህ ተመርቀው ለመምህርነት የሚወጡት ጓደኞቻችን ስሙ ከመጥሪያው ላይ ከመጥፋቱ በፊት፣ በታኅሣሥ፣ እንዲጠይቁ ብትመክሯቸው መልካም ነው።

በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚሆን ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ተልኮ ነበር። እኛን ማንም መላክ አያስፈልገውም፤ በየጥሩ በራሳችን ፈቃድ፣ ለዚያውም ዶሮ ወጥ እየጠበቀን፣ እንሄዳለን።

እንግዲህ በዚህ ዓመት በግቢው ለመዳር ያሰበ ሰው እንዴት ያቅድ? ጌሾው ከተጠነሰሰ በኋላ የሚነገር ነገር ሁሉ ጭቅጭቅ ነው፤ ስለዚህ ጤፉ በሚታጨድበት በኅዳር ስልክ ይደውል። ለአባቱ መጀመሪያ የሚነግረው የእንግዳ ቍጥር ሳይሆን የሙሽሮች ስም ይሁን፦ «አባባ፣ በዚህ ዳስ የምዳረው እኔ ብቻ ነኝ፤ እርስዋ ስትደርስ የርስዋን እኔ እደግሳለሁ» ይበል። ይህ ቃል ያለ ገንዘብ ከንቱ ነውና ከሠርጉ ወጪ ለጄኔሬተሩ የታሰበውን ይተውና ለእኅቱ የከተማ የቤት ኪራይ ያስቀምጥ። ሽማግሌ ሆነው የሄዱትንም ሰዎች ይያዛቸው፤ አባት ለልጁ የማይመልሰውን ለሽማግሌ ይመልሳል። የንስሐ አባትም ቢነገራቸው ብዙ ጊዜ ከሚታሙት የተሻሉ ሆነው ይገኛሉ። ሠርጉ ዓርብና ረቡዕ ያልዋለ፣ ዳሱ ግቢው የሚችለውን ያህል፣ እንግዳው በእግሩ ሊመጣ የሚችለው ሰው ይሁን።

ሠርጉ ሲያልቅ የዳሱን እንጨት ለማገዶ እንዳይፈልጡት አደራ ይበል። ከጓሮ፣ ከድንጋይ ላይ ከፍ አድርጎ ቢደረድሩት ምስጥ አያገኘውም፤ ልጅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ከዚያም የምትፈልገውን ተምራ እስክትመለስ ድረስ ይቆያል።